ሲነጋ ሃምሳ ስምንት

አሰላ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስናቀ፤

ሰላምታህ ደርሶኛል። የአቦምሳው ሾፌር ከዲሮ ሚኒባሱን ደጄ ላይ አቁሞ ክላክስ አደረገ፤ ወጥቼ ተቀበልኩት። ጤናዬን ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ጠይቀሃል፤ እሱም ደህና ነው። ቂም ሳይበጀኝ አልቀረም።

ስልክህን የማላነሳው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በስልክ ያልከውን በማግስቱ አላልኩም ትላለህ። ኅዳር ላይ እዚሁ ሳሎኔ ውስጥ "ሶረቲ ከስኳር ተፈውሳለች፣ ከእንግዲህ መርፌ አያስፈልጋትም" ያልከው አንተ ነህ። በአራተኛው ቀን ልጄ ራሷን ስታ ሆስፒታል ስትገባ "መርፌ አቁሚ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም" ያልከውም አንተው ነህ። ስለዚህ ጻፍ።

"ምን አጠፋሁ?" ማለትህ ግን ይገርመኛል። የዚያን ቀን ሴንሰሩ ወደ ስልኳ የላከው የስኳር ቁጥር 243 ነበር። ሴንሰሩ የተለጠፈበትን ግራ ክንዷን በሁለት እጅህ ጨብጠህ ግማሽ ሰዓት ያህል ጸለይክ። ስልኩ ሲታይ 131! አንተ ጮህክ፣ ሰዉ ጮኸ፣ እኔም ሃሌሉያ ብዬ መሬት ተደፋሁ፤ አልክድም። ሃያ ሰባት ዓመት በብቅል ፋብሪካ ላብራቶሪ የገብስ እርጥበት የለካሁ ሴት፣ አንዱን መሣሪያ በሌላው ሳላመሳክር ቁጥር የማልጽፍ ሴት፣ ያን ቀን የልጄን ጣት ወግቼ በደሟ ማየት ሳላስብ ቀረሁ። ራሴን የምረግምበት ይህ ነው። አንተን የምረግምበት ሌላ ነው።

ከገና በፊት አንዱን ሴንሰር በራሴ ክንድ ላይ ለጠፍኩት። እኔ ስኳር የለብኝም። 96 ሲል ጎረቤቴ ፈይሩዛ ክንዴን ልክ አንተ እንዳደረግከው ጨብጣ ያዘችልኝ፤ እየሳቀችብኝ። በሃያ አምስት ደቂቃ 57 ገባ። ጣቴን ወጋሁ፤ 98። ሦስት ቀን ደገምነው፤ ሦስቱንም ቀን ያው ነው። ቁጥሩን ያወረደው እጅህ ነው አስናቀ። ስኳሩ የትም አልሄደም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሶረቲ አቦምሳ መጥታ ያንተ የጸሎት ኅብረት ቤት ውስጥ ተቀምጣ ኢንሱሊኗን በግማሽ ትወጋለች። በግማሽ መርፌ የስኳር በሽተኛ አይኖርም፤ ቀስ ብሎ ይሞታል እንጂ። መጥቼ ነበር፤ በር አልከፈተችልኝም። ቁጥሬንም በስልኳ ዘግታዋለች። ለምን? ፈውሷን ያጣችው በእናቷ ጥርጣሬ ነው ብለሃታላ! "ፈውስ አልነበረም፣ እጄ ነው ያሳሳተን" ብለህ ጽፈህ ስጣት፤ ለእኔም ግልባጩን ላክ። ካላደረግህ እዚያው ጉባኤህ ፊት ቆሜ አዋርድሃለሁ። ተናድጄ አይደለም ይህን የምለው፤ አስቤበት ነው።

ቀለሟ


አቦምሳ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለአዴ ቀለሟ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። እንደምን ሰነበቱ? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ወይዘሮ ፈይሩዛስ ደህና ናቸው? የአሰላ ብርድ እንዳይጎዳዎ ሁልጊዜ አስባለሁ። እኛ በዚህ በኩል ከሙቀቱ በቀር ክብር ለጌታ ይሁን ደህና ነን። መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ስለ ሶረቲ ለጠየቁኝ፣ ደህና ናት። በምታገለግልበት በኅብረታችን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆቹ ከእሷ አይለዩም። ትንሽ ከስታለች፣ ውኃ ውኃ ይላታል፤ ሙቀቱ ይሆናል። ደብዳቤዎን አላሳየኋትም፤ ልቧ እንዳይሰበር ብዬ ነው።

ስለ እጄ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ግን ቁጥሩን የሚያወርደው የሰው እጅ ከሆነ ይህን ምን ይሉታል? አንድ የማውቀው ወንድም አለ። እሱም ስኳር አለበት፣ እሱም ይህንኑ ሴንሰር ለጥፏል። ቀን 200፣ 220 ሲል ይውላል፤ ሲነጋ ግን 58። በየቀኑ ሲነጋ 58፣ አንዳንዴ 61። ማንም ክንዱን አይዘውም፤ ብቻውን ነው የሚተኛው። ደንግጦ ሁለት ማንኪያ ማር ይልሳል፤ በሃያ ደቂቃ ቁጥሩ ይመለሳል። እንግዲህ ማሩ ከሠራ ቁጥሩ እውነት ነው ማለት አይደል? ስኳሬ ዝቅ ብሎማ አልውጠውም እያለ የጠዋት ክኒኑንም ትቶታል። ጣት ተወግቶ የሚለካበት ወረቀት እዚህ ከጠፋ ቆይቷል፤ ማመሳከሪያ የለውም።

ይህ ወንድም ልክ ነው ወይስ ተሳስቷል? በመሣሪያ ነገር ከእርስዎ በላይ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ልጅዎ አስናቀ


አሰላ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስናቀ፤

ወልጄህ አላውቅም፤ "እናቴ" የምትለውን ተው። 

ስለ ሶረቲ የጻፍከውን መጀመሪያ ልመልስ። ክሳቱም ውኃ ጥሙም ሙቀት አይደለም፤ ስኳሯ ነው። ሙሉ መርፌዋን ትውጋ በላት። ከእኔ እንዳትሰማ አድርገሃታል፤ አንተው ንገራት እንግዲህ።

አሁን ወደ ወንድምህ ልምጣ። ደብዳቤህን ሳነብ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ለምን እዋሻለሁ። "አንድ የማውቀው ወንድም"! ወይ አንተ! የሌላ ሰው ቁጥር በየማለዳው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ፣ ስንት ማንኪያ ማር እንደላሰ የሚቆጥር ወንድም የት ይገኛል? ወንድምየው አንተ ነህ። ሰውን ከስኳር ፈወስኩ እያልክ የራስህን ስኳር ሸሚዝህ ውስጥ ደብቀህ የምትዞረው አንተ ነህ።

ሴንሰሩን ከየት እንዳመጣኸውም አውቄያለሁ። የወንድሜ ልጅ ከዱባይ በሚመጣ ሰው እያስመጣ፣ እኔ በከዲሮ እየላክሁ፣ ለሶረቲ ሦስት ደርሷታል። ከሦስቱ አንዱ አንተ ክንድ ላይ ነው። ልጄን ወሰድክ፣ መርፌዋን አስጣልካት፣ አሁን ደግሞ መለኪያዋን ለጠፍክ። ደግ አደረግህ!

ጥያቄህ ገብቶኛል። ሲነጋ ለምን 58 እንደሚል አውቃለሁ፤ ወረቀቱን አጥፌ ሳልጨርስ ነው የተገለጠልኝ። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ ፋብሪካ አብረውኝ ከሠሩት ልጆች ትንሿ እንኳን ትመልሰው ነበር። አልነግርህም። የጠየቅሁህን ወረቀት ለሶረቲ የሰጠህ ዕለት መልሱን ታገኛለህ። እስከዚያው ሲነጋ ሲነጋ እየደነገጥክ ተነሳ። እኔ ኅዳርን ሙሉ እንዲያ ነበር የማነጋው።

ቀለሟ


አቦምሳ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ ቀለሟ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እውነትዎን ነው፤ ወንድሙ እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ነው ጤና ጣቢያ የነገሩኝ። ለሰው ለመናገር አፈርኩ። እናንተ ቤት ከጸለይኩ በኋላማ ጨርሶ የማይቻል ሆነ፤ ሰዉ "ስኳር የሚወርድለት አገልጋይ" እያለ ከኦጎልቾ ሳይቀር ይመጣ ጀመር። አሁን ምን ብዬ ልናገር?

ሴንሰሩን ሰርቄ አይደለም። ክኒኔን ስውጥ ሶረቲ አየችኝ። ሳትጠይቀኝ አንዱን አምጥታ ራሷ ለጠፈችልኝ፤ "ማንም አያውቅም፣ አይዞህ" አለችኝ። ልጅዎ እንዲህ ያለች ናት።

የእግሬ ጣት ላይ ቁስል ወጥቶብኛል፤ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አልድን አለ። የምለምንዎ ለዚህ ነው። መልሱን ይንገሩኝ፤ ወረቀቱን እጽፋለሁ፣ ግን ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ። ይህ ኅብረት አርባ ሰው ነው። እኔ ስወድቅ ብዙ ሰው አብሮኝ ይወድቃል፤ ለእነሱ ነው የምፈራው። ለራሴም እፈራለሁ፤ አልዋሽዎትም።

ሶረቲ ደህና ናት። "እናቴ ምን ብላ ጻፈች?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ሰላም በልልኝም ብላለች። መርፌውን ነግሬያታለሁ፤ ስንት እንደምትወጋ ግን አታሳየኝም።

አስናቀ


አሰላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስናቀ፤

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ" ትላለህ። ልጄ ራሷን ስታ አልጋ ላይ ስትጣል ማን ጊዜ ሰጠኝ? አንተ ያን ሳምንት ሻንጣህን ይዘህ አቦምሳ ወረድክ፤ አንድ ቀን እንኳን መጥተህ የሆስፒታሉ ደጅ ላይ አልቆምክም።

የእግርህን ቁስል አነበብኩ። ሰው ነኝና እንዳዝንልህ ጠብቀህ ይሆናል፤ አላዘንኩልህም። ቁጭ ብዬ ደስ እስኪለኝ አነበብኩት። የተሳሳተ ቁጥር አምኖ መታመም ምን እንደሆነ አሁን ቅመሰው። ማርህን ላስ። ክኒንህን ተው። መልሱ እኔ ጋ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ዕቃ አስቀምጬዋለሁ።

ውሌን ደግሞ ከፍ አድርጌዋለሁ። ወረቀት ብቻ አይበቃኝም። እሑድ የካቲት 9 ሰዉ ሁሉ ባለበት እጅጌህን ሰብስበህ ትቆማለህ። ስኳር እንዳለብህ ትናገራለህ። አንድ ወንድም ክንድህን ጨብጦ ሃያ አምስት ደቂቃ ይይዝልሃል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ለሰዉ ታሳያለህ። ከዚያ ጣትህን ትወጋለህ። ጣት የሚለካበትን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን አምስት ፍሬ። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ታነባለህ፤ ሶረቲም ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትሰማለች። ያን ጊዜ መልሱን እልክልሃለሁ። ከዚያ በፊት አንድም ቃል!

ቀለሟ


አሰላ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስናቀ፤

አቦምሳ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ተያየን፤ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሐሙስ ጠዋት ከዲሮ ስልክ ደውሎ "ሶረቲን ተሸክመው አስገቧት" ሲለኝ ነጠላዬን እንኳን አልደረብኩም። በዴራ በኩል ስንወርድ አንተን ባገኝህ ምን እንደማደርግህ ሳስብ ነበር። ሳገኝህ በአንድ እግርህ ነጠላ ጫማ አድርገህ ግድግዳ ተደግፈህ ቆመሃል፤ እጄ አልነሳ አለኝ።

መልሱን ልጻፍልህ። እሑድን አልጠብቅም፤ እሑድ አልፏል፣ እንደማትቆምም አውቄው ነበር። የምትተኛው ሴንሰሩ ባለበት ጎንህ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ገላህ ይጫነዋል፤ ይህ ነገር የሚለካው ደም ሳይሆን ከቆዳ ሥር ያለውን ውኃ ነው፤ ሲጫኑት ውኃው ይሸሻል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ስትነሳ በራሱ ይመለሳል። ማሩ ስኳርህን ከመጨመር በቀር ምንም አልሠራም። በሌላው ጎንህ ተኛ፣ ክኒንህን ዋጥ፣ ቁጥሩ ከሰውነትህ ስሜት ጋር ካልገጠመ ጣትህን ወጋ። ሁለት እሽግ የጣት ወረቀት ከዲሮ ይዞልሃል። እግርህን ዛሬ ነገ ሳትል ለሐኪም አሳይ።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። ሐኪሟ የነገረኝ ነገር አለ። ሶረቲም ጠዋት ጠዋት 60 እያላት ማር ስትልስ፣ የጠዋት መርፌዋን ስትተው ነበር አሉ። ጣቷን ሲወጉ 486 ነበር። ጣትሽን ሳትወጊ ቁጥር አትመኚ ብዬ አሳድጌያታለሁ እኮ! ከማን ተማረችው? ስትነቃ ደግሞ "ሶረቲ" ብዬ ስጠራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዋን ነው ያየሁት። ነርሷ "እማማ፣ ልጅቷ ስታይዎት ትረበሻለች፣ ይሂዱላት" ብላ ሸኘችኝ። 

ምን ብለሃት ነው? በል ንገረኝ።

ቀለሟ


አቦምሳ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ ቀለሟ፤

ሰላምታ ለማብዛት አፍ የለኝም። ሶረቲ ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጥታለች። ሙሉ መርፌዋን ትወጋለች፤ ራሷ ፊቴ እየወጋች ታሳየኛለች። የእግሬን ቁስል ከፍተው አጥበውልኛል፤ አንዲት ጣት ሄዳለች፣ ሌላው ይተርፋል ብለውኛል።

ትናንት ሳይሆን ከትናንት ወዲያ፣ እሑድ፣ ቆምኩ። ያሉትን ሁሉ አደረግሁ። ወንድም አብዲሳ ክንዴን ያዘልኝ። ከ231 ተነስቶ 149 ሲደርስ ሰዉ እልል አለ፣ አዴ ቀለሟ! ስኳር እንዳለብኝ ነግሬያቸው፣ የእጅ መያዝ ነው ብዬ አስቀድሜ ነግሬያቸው፣ እልል አሉ። ጣቴን ስወጋ 236። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አነበብኩላቸው። ከኦጎልቾ የመጣች አንዲት እናት ተነስታ "እኔስ? የእኔስ?" አለችኝ። እሷም ኅዳር ላይ ክንዷን ይዤ የጸለይኩላት ናት። ግማሹ ሰው በዚያው ወጥቶ ሄደ። እርስዎ የፈለጉትን ያህል ተዋርጃለሁ።

ለሶረቲ ምን እንዳልኳት ጠይቀውኛል። ማሩን ከእኔ ነው የተማረችው። የእሷም ሲነጋ 60 ማለት ሲጀምር "እኔም እንዲሁ ይለኛል፣ ማር ልሼ ነው የምነሳው" አልኳት። የጣት ወረቀት አልነበራትም፤ ወረቀት ላኪልኝ ብላ እርስዎን ለመጠየቅ ከብዷት ነበር። "እናትሽን ጽፌ ጠይቄያታለሁ፣ ትመልሳለች" አልኳት። ከዚያ በኋላ ከዲሮ በመጣ ቁጥር ከመዋዕለ ሕፃናቱ ሮጣ ትመጣለች፤ "መለሰች?" ትለኛለች። የጥር ሃያው ሲደርስ አልመለሰችም አልኳት። የየካቲት ሦስቱ ሲደርስ አላመነችኝም። ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ አነበበችው። በማግስቱ ወደቀች። እርስዎ የላኳቸውን አምስት ወረቀቶች አልነካቻቸውም፤ "ለእሑድ ነው የተላኩት" አለች።

ይህን የምጽፈው ልበቀልዎ ብዬ አይደለም። ልበቀል ብል ኮሪደሩ ላይ እነግርዎት ነበር።

ትናንት የመጨረሻ ደብዳቤዎን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ይህን ጻፍልኝ አለችኝ፤ ቃል በቃል ነው፦ "ማር ላስ ብላ ስትጽፍ እኔ የት ያለሁ መስሏት ነበር?" መልስ ትፈልጋለች።

አስናቀ


አሰላ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስናቀ፤

የእሑዱን ነገር አነበብኩት። ኅዳርን ሙሉ ታኅሣሥን ሙሉ የቋመጥኩለት ነገር ነበር፤ ስትዋረድ ማየት። ደስ ይለኝ እንደሆነ ብዬ ሁለተኛ አነበብኩት፤ አላለኝም። ይቅርታ ግን አላደረግሁልህም፤ ኅዳር ኅዳር ነው። የኦጎልቾዋን ሴት ፈልገህ አግኛት፤ መርፌዋን ትታ እንደሆነ በእግርህም ቢሆን ሂድ። የጣት ወረቀት ለእሷም ልኬያለሁ።

ፈይሩዛ "ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም፣ 'አቦምሳ እንዳለሽ አውቄ፣ ሁልጊዜ እያሰብኩሽ' ብለሽ ጻፊ" አለችኝ። ጻፍኩት። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩት፤ እንዴት ሦስት ቀን እንዳልበላሁ፣ ሴንሰሩን በራሴ ክንድ ላይ የለጠፍኩት ለማን ብዬ እንደሆነ። ሳነበው ሁሉም እውነት ነው፣ ጥያቄዋን ግን አይመልስም። ቀደድኩት።

ሶረቲ የጠየቀችው የት ያለች መስሎኝ እንደነበር ነው። አንተ ጋ እንዳለች አውቅ ነበር፤ አንድ ቤት እንደምትውሉ፣ አንድ ማዕድ እንደምትቀርቡም፤ ሴንሰሩን በገዛ እጇ እንደለጠፈችልህ ጽፈህልኝ ነበር። ከክሳቷና ከውኃ ጥሟ ጋር ሰላምታዋንም ልከህልኝ ነበር። ያን ማር ላስ ያልኩበትን ደብዳቤ ስጽፍ ሁሉም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። መልሱን ያኔ ጽፌው ቢሆን ሳትወድቅ ይደርሳት ነበር።

ስለዚህ ይህን ንገራት። ያን ደብዳቤ ስጽፍ አንተን ብቻ ነበር የማየው፤ ማንኪያህን፣ ቁስልህን፣ ድንጋጤህን። እሷ ትዝ አላለችኝም።

ቀለሟ